ሊቀ ጠያቂያን ምንዋጋው እና የእድራችን አንቀጽ ዘጠኝ

በአገራችን በሰዓቱ የሚያልቅ ስብሰባ የለም። ጥፋቱም የሰብሳቢው አይደለም። ጥፋቱ ከኋላ ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጠው የዚያ ሰውዬ ነው። ታውቁታላችሁ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ «እንግዲህ ሌላ ነገር ከሌለ» ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ሲያነሱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ፣ እሱ እጁን ያነሳል። ቀስ ብሎ ነው የሚያነሳው፤ አይቸኩልም። አዳራሹ በሙሉ «ኤጭ» ይላል፣ እሱም ኤጩ እስኪያልቅ ጠብቆ ይነሳና ጉሮሮውን ይጠርጋል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቀበሌ፣ እድር ወይም ወላጅ ኮሚቴ ካለ ንገሩኝ፤ ጓዜን ጠቅልዬ እዚያ እገባለሁ። እኔ ሰቆጣ ላይ በመምህርነት ስኖር የደረሰኝ ግን ተራው ዓይነት አልነበረም። አቶ ምንዋጋው ነበሩ የደረሱኝ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለነበርኩ የሚናገሩትን ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ ከሞላናቸው አምስት የቃለ ጉባኤ ደብተሮች ሦስቱ የሳቸው ጥያቄ ናቸው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ቤተ ክህነት የማያውቀውን ማዕረግ በራሴ ሥልጣን የሰጠኋቸውም ያኔ ነው፤ ሊቀ ጠያቂያን ምንዋጋው።

ሊቀ ጠያቂያን በሙያቸው ድሬሰር ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁስል አጥበዋል፣ መርፌ ወግተዋል፣ በበቅሎም በእግርም ከደሃና ወረዳ አበርገሌ ሲሉ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ታማሚ አጡ፤ ታማሚ ሲያጡ ከተማውን እንዳለ ማከም ጀመሩ። አንድ ሰው በስብሰባ ላይ «ይህ የኖረ ልማዳችን ነው» ካለ አለቀለት። አቶ ምንዋጋው ይነሱና፣ ልክ ሆዱን የያዘ በሽተኛ ፊታቸው እንደተቀመጠ ሁሉ፣ ለዘብ ባለ ድምፅ፣ «ለማወቅ ያህል ነው፤ መቼ ነው የጀመረው?» ይላሉ። ቀጥለው «የት ጋ ነው?» ይላሉ። ከዚያ ደግሞ «ሲነኩት ያማል?» ይመጣል። ሰውዬው በመጨረሻ ሲቀመጥ የምር የታመመ ይመስላል።

የሚጠይቁት ደግሞ ስለ ሁሉም ነገር አልነበረም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ዘይት መወደድ የሚጮህ ሞልቷል። እሳቸው የሚጠይቁት ስለ ጠይቦቹ ነበር፤ ሸክላ ስለሚሠሩት፣ ብረት ስለሚቀጠቅጡት። በዓይናቸው ሰው ይበላሉ እያልን፣ የሠሩትን እየገዛን ራሳቸውን የምንሸሻቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ተወልጄ እስካድግ ይህን ነገር የጠየቀ ሰው አላየሁም ነበር። እንደ ዳገታችን ነው፤ ሰው ዳገቱን ተንፍሶ ይወጣዋል እንጂ ለምን እዚህ ቆምክ አይለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩ ገረመኝ፤ ከዚያም እንቅልፍ ነሳኝ። ምን ያገኙበታል? አንዳንዱ «አያታቸው ጠይብ ነበረች» ብሎ አንሾካሾከ። አጣራሁ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ የደሃና ገብስ አራሽ ናቸው፤ መሀል ላይ ሁለት ቄስ አለበት። አንዳንዱ «ከውጭ ድርጅት ይከፈላቸዋል» አለ። ከውጭ ድርጅት ያገኙት አንድ ኮፍያ ብቻ ነው፤ እሱም ጠቧቸው ለዶሮ መታቀፊያ ሰጥተውታል። «ለምርጫ ሊወዳደሩ ነው» ያለም ነበር። በመጨረሻ ራሳቸውን ጠየቅኋቸው።

«አያ ምንዋጋው፣ ይኼን ነገር ለምን ሙጭጭ አሉበት?»

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሠላሳ ዓመት የማውቀውንም የማላውቀውንም ሳክም ኖሬአለሁ። ይቺን አንዷን ሕመም ማን እንዳመጣት ሳላውቅ ልሙት?»

በገበያ ቀን ደግሞ ብታዩዋቸው። እኛ ጋ ሸክላ የሚሸጠው በሚይዘው እህል ነው፤ ማሰሮውን የፈለገ ሰው ማሰሮውን ማሽላ ሞልቶ ይገለብጥና ባዶውን ይዞ ይሄዳል። ሆኖም እህሉ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ መሬት በተነጠፈ ጨርቅ ላይ ይፈሳል፣ ገዢው ዘወር ሲል ሸክላ ሠሪዋ ትሰበስበዋለች። ሊቀ ጠያቂያን አጠገቡ ይቆሙና፣ «ለማወቅ ያህል ነው፤ የሚጎዳው እጇ ነው ወይስ እጇ የነካው?» ይላሉ። «እጇ የነካው» ያለ እንደሆነ የያዘውን ማሰሮ ያያሉ፤ «እጇ» ያለ እንደሆነ ደግሞ እጇን ያያሉ። ገዢው ግራ ሲገባው ማሰሮውን ታቅፎ ይሸሻል። የሸክላ ሠሪዎቹም አንዳንዴ ይበሳጩ ነበር፤ «አያ፣ ጥያቄዎ ገበያ አበረረብን» ትላቸዋለች ባንቺ። ባንቺ በሸክላ ሥራ ከሰቆጣ እስከ ፃግብጂ የታወቀች ሴት ናት፤ ባሏ ይግዛው ማረሻም ዶማም ይቀጠቅጣል። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ የሸክላው አፈር ከሚቆፈርበት ጉድጓድ አጠገብ ነበር።

እኔንም አልማሩኝም። አንድ ቀን ለወላጅ ኮሚቴ ትምህርት ቤት መጥተው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። የጠይቦቹ ልጆች ከኋላ ለብቻቸው አንድ ዴስክ ላይ ነበሩ።

«ሰሌዳው ከዚያ ደህና ይታያቸዋል?» አሉኝ።

«እዚያ መቀመጥ ራሳቸው ናቸው የሚወዱት» አልኳቸው።

«ጠይቀሃቸዋል?»

አልጠየቅኳቸውም። በማግስቱ ጠየቅኳቸው። ከሦስቱ ትንሿ ደብተሯን አቅፋ ተነሳችና ቆመች፣ የት ልቀመጥ በሚል ዓይነት። ከፊት አስቀመጥኳት። በዚያ ሳምንት ሁለት ወላጆች መጥተው ተጣሉኝ፣ እኔም የሊቀ ጠያቂያንን ስም እያነሳሁ ስረግም ሰነበትኩ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከላይ የመጣ ካድሬ ስለ ሕዝቦች እኩልነት ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገረ። ጥሩ ተናጋሪ ነበር፤ ውኃ ሳይጠጣ። ሲጨርስ ያው እጅ ከመስኮቱ ሥር ተነሳ። «ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ብለሃል። ገብቶኛል። ጠይቦቹ ከሦስቱ በየትኛው ውስጥ ናቸው? ለማወቅ ያህል ነው።» ካድሬው ማስታወሻውን አገላበጠ። «ጥያቄው ተይዟል» አለ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ካድሬ መጣ፣ ሊቀ ጠያቂያንም ተነስተው የዚያን አምና የተያዘ ጥያቄ ጤንነት ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ ለከተማ ስብሰባ ሲጠሩ የሳቸው ቤት በር ሳይንኳኳ የሚታለፍበት ጊዜ በዛ፤ እሳቸውም ሳይጠሩ እየመጡ ያቺው ቦታቸው ላይ ይቀመጡ ነበር።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ጨዋታ ነው። ቁም ነገሩ የመጣው በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ባንቺ የእድራችን አባል ለመሆን አመለከተች።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ይግዛው ታሟል፤ እግሩ አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሆስፒታል ደርሶ «ቤትህ ሂድና እረፍ» ተብሎ ተመልሷል። ዘመዶቻቸው ወደ ሁመራ ሥራ ፍለጋ ሄደው፣ ከጠይቦቹ ሰፈር ቃሬዛ ማንሳት የሚችል ወንድ የቀረው ሁለት ነው። ቃሬዛ ደግሞ አራት ሰው ይፈልጋል፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ተቀያሪም ያስፈልገዋል። እድር የሌለው ሰው ሲሞት ማንም አይመጣም ማለት አይደለም፤ ለጠይብ ግን ማንም አይመጣም ነበር። የባንቺ እናት የሞቱ ጊዜ ሬሳው መንገድ ላይ ሰባት ጊዜ እየወረደ ነው የደረሰው።

የእድራችን ዳኛ አቶ ዓለምነህ ክፉ ሰው አልነበሩም። ማመልከቻውን አንብበው አንገታቸውን ደፉና፣ «እነሱን የሚጠላ የለም» አሉ። «ግን እድር ማለት ንፍሮ ነው። ሐዘን ቤታቸው ገብተን ንፍሯቸውን ልንዘግን ነው። ይኼን ማን ይችለዋል?»

እጅ ተነሳ።

«ንፍሮው የሚቀቀለው በምንድን ነው?»

«በእድሩ ድስት ነዋ፣ አያ ምንዋጋው።»

«ድስቱን ማን ሠራው?»

ጥያቄዋ ማንንም አላስደነገጠችም። የእድሩ ድስት ሁሉ የባንቺና የእናቷ ሥራ መሆኑን፣ መቃብር የምንቆፍርበት ዶማም የይግዛው መሆኑን ሕፃን ያውቃል፤ መልሷም ከአያት ከቅድመ አያት የወረደች ነበረች። ዳኛው በትዕግሥት አስረዱ። «ሸክላ እሳት ገብቶ ወጥቷል። ብረትም እንደዚያው። እሳት ያነጻል።»

«እህ፣» አሉ ሊቀ ጠያቂያን፣ ደስ ብሏቸው። «ንፍሮስ የሚበስለው እሳት ላይ አይደለም? ለማወቅ ያህል ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና ሳል አስመሰለው። ዳኛው «ይኼ ሌላ ነው» አሉ። አቶ ምንዋጋው «ሌላነቱ የት ጋ ነው?» አሉ። ይኼኔ ባለሱቁ ዓሊዬ ሳይጠራ ተነሳ። ዓሊዬ ከሙስሊም ነጋዴዎች የመጀመሪያው የእድራችን አባል ነው።

«እኔ እናንተ ያረዳችሁትን አልበላም፣ እናንተም እኔ ያረድኩትን አትበሉም» አለ። «ሬሳ ግን አብረን ተሸክመን አናውቅም? አባቴን ማን ተሸከመው? ሥጋ ሳትበሉ ከተሸከማችሁልኝ፣ ንፍሮ ሳትበሉ ይግዛውን መሸከም ምን ከለከለ?»

«ያንተ የሃይማኖት ነው» አሉ ዳኛው።

«ይኼኛውስ የምንድን ነው?» አሉ ሊቀ ጠያቂያን።

 በአገውኛ የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ፣ ሁለት ሰዎች ወጥተው ሄዱ፣ ሌሎቹም ለመሄድ ዳር ዳር አሉ። እድሩ ሊፈርስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እናም የተማረ ሰው የሚሠራውን ሥራ ሠራሁ። ብድግ ብዬ መካከለኛ ሐሳብ አቀረብኩ። ማንንም በስም አንጥራ፤ ማንም አይሰደብ፤ አንድ አንቀጽ ብቻ እንጨምር። እዚያው ረቂቁን ጻፍኩት፣ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ። «አንቀጽ ዘጠኝ፤ አዲስ አባል የሚመዘገበው በቤቱ እህል የቀመሱ ሁለት ነባር አባላት ዋስ ሲሆኑለት ነው።»

ከዳር እስከ ዳር ተወደደ። ከነባሩ ሰው በሌላው ቤት ያልበላ ስለሌለ ማንም አይቸገርበትም፤ የባንቺን ቤት እህል የቀመሰ ደግሞ የለም። ሕግ ነው፤ የሚከሰን የለም። ዳኛው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም ኮራሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

እጅ ተነሳ። አቶ ምንዋጋው ግን ዳኛውን አላዩም፣ እኔን ነበር የሚያዩት።

«የቀመሱ ሲል፣ ዘንድሮ የቀመሱ ነው ወይስ ድሮም ይቆጠራል?»

«መቼም ይሁን መቼ» አሉ ዳኛው በቸርነት። «ጻፈው፣ መምህር ፋንታሁን።»

ጻፍኩት። እጄ ግን እንደ መጀመሪያው አላማረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በሰባ ሰባት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከደሃና ወደ ኮረም መጠለያ ከሚጎርፈው ሰው ጋር በእግር ወጥቼ ነበር። ሰቆጣ ዳርቻ ስደርስ ወደቅሁ። ያነሱኝ የባንቺ እናት ናቸው። ዓመት ቀድሞ አበርገሌ ወርደው በጋን ልክ ለውጠው ካመጡት ማሽላ ጥቂት ቀርቷቸው ኖሮ አራት ቀን ገንፎ አበሉኝ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሆዴ እንዳይጎዳ። የጠይብ ቤት እንደተኛሁ አውቅ ነበር። በአምስተኛው ቀን አንድ ድሬሰር መጥቶ ምላሴን አይቶ፣ ዓይኔን ገልጦ፣ «መንገድ ትችላለህ» አለኝ። ኮረም ስደርስ ማን አብልቶህ ተረፍክ ብለው ሲጠይቁኝ «ዘመድ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም ቢሆን። በመምህርነት ተመድቤ ሰቆጣ ስመለስ ሴትዮዋ አንድ ዓመት በሕይወት ነበሩ። በዚያ በኩል ባለው መንገድ አልሄድኩም።

ድሬሰሩ ማን እንደነበር መንገር አያስፈልገኝም።

አንቀጽ ዘጠኝ በጸደቀ በማግስቱ ሊቀ ጠያቂያን ባንቺ ቤት ሄዱ። ጓዳ ገብተው እንዳይመስላችሁ፤ የሚቀመጡበትን ዱካ በር ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት አስቀምጠው፣ ሽሮ በእንጀራ ቀርቦላቸው ሙልጭ አድርገው በሉ፤ ጨመሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ሳምንት መላው ሰፈር ጤንነታቸውን ይጠብቅ ጀመር። ሠላሳ ዓመት ሌላውን ሲጠይቁ የኖሩ ሰው አሁን ተጠያቂ ሆኑ። «አያ፣ እንዴት አደሩ? ሆድዎን አልቆረጠዎትም? ራስዎን አላዞረዎትም?» እሳቸውም እንደ ሙያቸው በዝርዝር ይመልሱ ነበር፤ እዚህ የማልጽፈውን ሁሉ ጨምረው። በሳምንቱ ገበያ ላይ ወፍረው ታዩ የሚል ወሬ ወጣ፤ ይህ እንኳ ውሸት ነው።

አንድ ዋስ ተገኘ ማለት ነው። ሁለተኛው ቀረ፤ ስብሰባው በአሥራ አምስት ቀን ነው።

እኔ ሊቀ ጠያቂያን መጥተው እስኪጠይቁኝ መጠበቅ ጀመርኩ። እንደሚመጡ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ትምህርት ቤት ይመጣሉ፤ ስለ ጣሪያው ያወራሉ። አንድ ቀን ሙሉ መንገድ አብረን ሄድን፣ ስለ ንቦቻቸው ነገሩኝ። ያን ሁሉ ዓመት ጥያቄያቸውን ስሸሽ ኖሬ፣ አንዴ ብቻ እንዲጠይቁኝ ስፈልግ ጭጭ አሉ። ብስጭቴን አትጠይቁኝ።

በአሥረኛው ቀን «ይግዛውን ልጠይቀው ነው፣ ና» አሉኝ። ሐሙስ ነበር። ይግዛው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው አጥንት ብቻ ሆኗል። ድሬሰሩ እግሩን በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ሲያዩ፣ እሱ እኔን ያወራኛል።

«ሁለት ሰው ቃሬዛ አያነሳም፣ መምህር» አለኝ። «እኔ ምን አጣሁ፣ አንዴ ከሞትኩ አላውቀውም። የሚያሳስበኝ ባንቺ ናት። መንገድ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ተሸከሙልኝ ብላ ስትለምን ይታየኛል።»

ባንቺ ምግብ ይዛ መጣች። ገና ሳታስቀምጠው «ጾም ነኝ» አልኳት። ቤቱ ውስጥ ያለነው አራታችንም ሐሙስ ጾም እንዳልሆነ እናውቃለን። ባንቺ ሳህኑን እንዳመጣችው መለሰችው። ሊቀ ጠያቂያን ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ያፈርኩበት ቀን ብዙ ነው፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ግን የለም።

ስብሰባው ደረሰ። ሰው ሞልቷል፤ ለወሬ የመጣው ከአባሉ ይበልጣል። ባንቺ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዳኛው አንቀጹን አስነበቡኝ፤ የገዛ ቃሌን በገዛ አፌ አነበብኩት። «አንድ ዋስ አያ ምንዋጋው ናቸው» አሉ ዳኛው። «ሁለተኛ የቀመሰ አለ?»

ወደ መስኮቱ ሥር አየሁ። እጅ አልተነሳም። ሊቀ ጠያቂያን ምንዋጋው ሁለቱን እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግድግዳ ያያሉ። 

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ተነስቼ መናገር አልቻልኩም። የምችለው መጻፍ ነው። ስለዚህ ጻፍኩና ጸሐፊ እንደሚያነበው ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ሁለተኛ ዋስ፣ መምህር ፋንታሁን።»

ዳኛ ዓለምነህ የተሳሳትኩ መስሏቸው «ምን አልክ?» አሉ።

«እኔ ነኝ። ቀምሻለሁ።»

«መቼ?»

«በሰባ ሰባት። በእናቷ እጅ። አራት ቀን ሙሉ የማሽላ ገንፎ።»

ሰባ ሰባት በእኛ አገር እንዲሁ የሚነሳ ዓመት አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ የራሱ ሰባ ሰባት አለው። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። አንድ ሰው ደካማ በሆነ ድምፅ «የእናቷ ቤት የሷ ቤት ይባላል ወይ?» ብሎ ጠየቀና መልሱን ሳይጠብቅ ተቀመጠ። ዳኛው ከዘራቸውን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አደረጉና፣ «መዝግባት» አሉኝ። 

ስወጣ ዓሊዬ ጠበቀኝ። ፊቱ እንዳኮረፈ ሰው ነው። «ባንተ የተነሳ ጀብዱዬ ቀረ» አለኝ። «ሰኞ ዕለት ባንቺ ቤት ገብቼ ቂጣ በልቼ ነበር እኮ። ሁለተኛ ዋስ እኔ ልሆን ነበር። አያ ምንዋጋው ናቸው ዳኛው ሦስት ጊዜ እስኪጠይቁ ትንፍሽ እንዳትል ያሉኝ።»

«ለምን?»

«‹ሌላ በሽተኛ አለብኝ› አሉ። ማን ይሁን አልገባኝም።»

ለካ ዋስ አላጡም ነበር። ባንቺ ያን ዕለት በእኔም ያለ እኔም ትመዘገብ ነበር። እሳቸው አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ስለ ዝናብና ስለ ንብ ሲያወሩኝ፣ እኔ ራሴ እስክወጣው ቁስሌን ሳይነኩ ይጠብቁ ነበር። ይህን ባወቅኩ ጊዜ እንባዬ መጣ። እኔ እኚህን ሰው ስምንት ዓመት ያሾፍኩባቸው ለካ ስለምወዳቸው ነው።

በማግስቱ ባንቺ ዘንድ ሄጄ የሰባ ሰባቱን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት። ያኔ እሷ ይግዛውን አግብታ ፃግብጂ ትኖር ስለነበር አላየችኝም። ሰምታኝ ስታበቃ ጭቃውን ከእጇ ጠረገች።

«እናቴ ነግራኛለች» አለችኝ። «ብዙ ነበራችሁ አሉ። ከነሱ አንተ የትኛው ነህ?»

«ብዙ ማለት?»

«ከዚህ ከሰቆጣም፣ ከገጠርም። ስማቸውን አልጠራም። እናቴ አትጥሪ ብላኛለች።» ከዚያም ሳህን አቀረበችልኝ፤ በላሁ።

ይግዛው በሦስተኛው ወር ሞተ። ማለዳ የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ማን ይመጣ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ስወጣ መንገዱ ላይ ነጠላ ይታያል። ከአርባ የሚበልጥ ሰው ነበር። ሁሉም ወደ ግቢው አልገባም፤ አንዳንዱ አጥሩ ውጭ ቆሟል፤ ንፍሮው ሲዞርም ዘግኖ በእጁ ጨብጦ የቀረ አይቻለሁ። ይህን እንዳልዋሽ ነው የምናገረው። ቃሬዛው ግን አንድ ጊዜም መሬት ሳይነካ ዳገቱን ጀመረ።

እኔ ከፊት በቀኝ በኩል ነበርኩ። ግማሽ ዳገት ስንደርስ አንድ ሰው ትከሻውን ከትከሻዬ ሥር አስገባና ገፋ አደረገኝ። ዳኛ ዓለምነህ ናቸው። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸው ከመሸከም ካወጣቸው ቆይቷል። «አንተ ደክመሃል» አሉኝ፣ እኔን ሳያዩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ቃሬዛውን ያዙ። ያለቅሱ ነበር፤ የዳኛ ለቅሶ አልነበረም፣ የዘመድ ነበር።

ወደ ኋላ ቀርቼ ከሊቀ ጠያቂያን ጋር ተሰለፍኩ። እሳቸውም አይተዋቸዋል። አሁን ይጠይቃሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ያን ሁሉ ዓመት ሲያሳድዱት የኖሩት መልስ ከፊታችን ዳገት ይወጣል። አልጠየቁም። እኔ ግን አላስቻለኝም። በሰባ ሰባት ዳኛው የት ነበሩ? ስንት ቀን? ማን አነሳቸው? ለማወቅ ያንገበግበኝ ጀመር፤ ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ።

አቶ ምንዋጋው እጅጌዬን ያዙኝ።

«ተዋቸው» አሉኝ። «ይሸከሙ።»

ተውኳቸው።